ወሰኑን በእግሩ የሚያውቅ መንደር

ስለ እንግሊዝ አገር በተነገረ ቍጥር ወደ ሐሳባችን ቀድሞ የሚመጣው የለንደን ከተማ ስፋት፥ የፓርላማው ቤት ግርማ፥ የፋብሪካውና የመርከቡ ብዛት ነው። በትምህርት ቤት ሳለን ከታሪክ መጽሐፍ የተማርነውም ይኸው ነበር። ነገር ግን አንድ አገር የሚታወቀው በታላላቅ ከተሞቹ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር፥ የጋራ የሆነውን ነገር እንዴት እንደሚጠብቅ፥ በተጣላም ጊዜ በማን ዳኝነት እንደሚታረቅ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ መንደር መውረድ ይገባዋል። እኛም ለጥቂት ወራት ሥልጠና ወደዚያ አገር ተልከን በነበረ ጊዜ ያየናትን የአንዲት ትንሽ መንደር ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ብዕር ያነሣነው ስለዚህ ነው።

መንደሪቱን ለማየት የተነሣነው ግን አገር የማየት ምኞት አድሮብን ብቻ አልነበረም። ብዙ ዓመት በልባችን ይዘነው የኖርነው አንድ ዕዳ ነበረብን። አስቀድመን እርሱን ብንናገር አንባቢ የቀረውን በቀላሉ ይረዳልናል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን እንደ ጨረስን በአንድ ወረዳ የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ሆነን ተቀጥረን ነበር። ዕድሜያችን ከሃያ ጥቂት ያለፈ፥ ብዕራችን ፈጣን፥ እግራችን ግን ሰነፍ ነበረ። አንድ የክረምት ጧት አንዲት ባልቴት ነጠላቸው በዝናብ እንደ ራሰ ወደ ጠረጴዛችን ቀርበው፥ «ልጄ፥ ጎረቤቴ በየዓመቱ አንዳንድ ትልም እየጨመረ መሬቴን ገፋኝ፤ ወርዳችሁ እዩልኝ» ሲሉ አመለከቱ። አብረዋቸው የመጡት ሁለት ሽማግሎችም የወሰኑን ድንጋይ የተከሉትን ሰዎች እናውቃለንና አብረን እንውረድ አሉን። ቦታው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጭቃውም ብርቱ ነበረ። እኛ መዝገቡን ገልጠን አየን። በመዝገቡ የተጻፈው ልክ ባልቴቲቱ በእጃቸው ካለው መሬት ጋር ተስማማ። ስለዚህ «ወሰኑ በመዝገቡ መሠረት ትክክል ነው» ብለን ጽፈን አሰናበትናቸው። ባልቴቲቱም ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፥ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ሄዱ። ያ ምስጋና ዛሬም ከስድብ ይልቅ ያመናል።

በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ የማሳውን ዳር ሸርሽሮ አሮጌው የወሰን ድንጋይ ከጎረቤትየው እርሻ መካከል ብቅ አለ። ሽማግሎቹ እንደ ተናገሩትም ሰባት ትልም ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። መዝገቡ የተጻፈው መሬቱ ከተገፋ በኋላ ስለ ነበረ ስሕተቱን እንደ እውነት ይዞት ኖሯል። ወሬው በደረሰን ጊዜ እኛ ወደ ዋናው ከተማ ለመዛወር ጓዛችንን እናሥር ነበር። ያለቀ ጉዳይ ነው ብለን ዝም አልን።

እንግዲህ በሥልጠናው ላይ ሳለን አንድ ቀን መምህራችን ስለ መሬት አያያዝ ሲያስተምሩ፥ በየዓመቱ 12 ሰዎች ወደ እርሻው ወርደው የጎረቤቶቻቸውን ወሰን በእግራቸው እየሄዱ የሚመረምሩባት ላክስተን የምትባል መንደር እንዳለች ጠቀሱ። ለሌሎቹ ተማሪዎች ነገሩ የጥንት ልማድ ወሬ ነበረ። ለእኛ ግን ያ የራሰ ነጠላ በዓይናችን መጣ። ፈቃድ ጠይቀን ወሰኑ በሚታይበት በኅዳር ወር ወደ ላክስተን ሄድን።

ላክስተን በመካከለኛው እንግሊዝ በኖቲንግሃምሻየር ግዛት፥ ከኖቲንግሃም ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። ዋናው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ በግራና በቀኙ ከቀይ ጡብ የተሠሩ የገበሬ ቤቶች ከነጎተራቸውና ከነበረታቸው ተደርድረዋል። ይህ ለእኛ አገር ሰው የሚያስገርም አይመስልም። በእንግሊዝ አገር ግን ብዙ ገበሬ ቤቱን ከመንደር አርቆ በራሱ እርሻ መካከል ብቻውን ሠርቶ ስለሚኖር፥ ገበሬዎች እንዲህ ጎን ለጎን የሚኖሩበት መንደር ማየት ብርቅ ነው። በመንደሪቱ መካከል ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። በማን ስም እንደ ታነጸ ብንጠይቅ የመላእክት አለቃ የቅዱስ ሚካኤል ነው አሉን። ስሙን በሰማን ጊዜ እንግድነታችን ቀለል አለልን።

የመንደሪቱ ታሪክ ረጅም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን። የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን በጦር ከያዘ በኋላ የአገሩ መሬትና ግብር በ1086 ሲመዘገብ፥ «ዱምስዴይ» በተባለው በዚያ ታላቅ መዝገብ ውስጥ የላክስተን ስም ተጽፏል። ከመንደሪቱ በስተ ሰሜን ኖርማኖች አፈር ቈልለው የሠሩት የምሽግ ጉብታ እስከ ዛሬ ይታያል፤ አሁን ሣር ለብሶ በጎች ሊግጡበት የሚችል ኮረብታ ሆኗል። በዚያ ምሽግ ጌቶች ከነበሩት ወገን ኤቨሪንግሃም የተባሉት ቤተ ሰቦች በሮቢን ሁድ ተረት ስሙ የታወቀውን የሸርውድን ደን በውርስ ሹመት ይጠብቁ ነበር። መቃብራቸው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጌቶቹ አልፈዋል፥ ምሽጉም ፈርሷል፤ ከዚያ ሁሉ ታሪክ የገበሬዎቹ እርሻና ችሎት ቀርተዋል።

በ1635 ማርክ ፒርስ የተባለ የመሬት ቀያሽ፥ መንደሪቱን ለገዛው ሰር ዊልያም ኮርተን ለተባለ ነጋዴ፥ የላክስተንን መሬት ሁሉ የሚያሳይ ትልቅ ካርታ ሠራ። ከካርታው ጋርም የትኛው ቁራሽ መሬት በማን እጅ እንደ ሆነ የሚዘረዝር መዝገብ ተጻፈ። ካርታው ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። የካርታውን ግልባጭ ስንመለከት ቀያሹ መስመር ብቻ አስምሮ እንዳልተወው አየን። በእርሻዎቹ ላይ የሚያርሱ፥ የሚያጭዱና የሚያድኑ ሰዎችን ሥዕል በትንንሹ ሥሎበታል። እኛ በመዝገብ ቤት ስንሠራ መሬትን በቍጥር ብቻ እናውቀው ነበር። ያ ቀያሽ ግን በመስመሮቹ መካከል ሰው እንዳለ አልዘነጋም።

አሁን ላክስተንን ከሌሎች የእንግሊዝ መንደሮች የሚለያትን ነገር እንግለጽ። በመካከለኛው ዘመን በዚያ አገር በብዙ ስፍራ የመንደሩ እርሻ በአጥር አይከፈልም ነበር። ሁለት ወይም ሦስት ታላላቅ ማሳዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱም ማሳ ወደ ረጃጅምና ጠባብ ቁራሾች ይከፈላል። አንድ ገበሬ መሬቱ በአንድ ቦታ ተጠቃልሎ አይሰጠውም። ከዚህ አንድ፥ ከዚያ ሁለት ቁራሽ እያለ በሦስቱም ማሳዎች ተበትኖ ይደርሰዋል። ይህም ለሙንም ጭንጫውንም፥ ደጋፉንም ረግረጉንም ሁሉ እንዲካፈል ነው። የእንግሊዞች «ኤከር» የተባለው የመሬት ልክም መጀመሪያ የተነሣው በሬዎች በአንድ ቀን ሊያርሱት ከሚችሉት መሬት ነው። ይህን በሰማን ጊዜ የእኛ አገር ጥማድ ትዝ አለን፤ እርሱም አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነውና። ሁለት ሕዝቦች ሳይተያዩ መሬትን በበሬ ድካም መለካታቸው የገበሬ ሐሳብ በሁሉ አገር አንድ መሆኑን ያሳያል።

በላክስተን ከእነዚህ ታላላቅ ማሳዎች ሦስቱ እስከ ዛሬ አሉ። ስማቸውም የምዕራብ ማሳ፥ የደቡብ ማሳና የወፍጮ ማሳ ይባላል። ሦስቱ በየተራ ይታረሳሉ። አንደኛው ማሳ በመከር ስንዴ ይዘራበታል። ሁለተኛው በጸደይ የሚዘራ እህል ይበቅልበታል። ሦስተኛው ጦም ያድራል፤ በአሁኑ ዘመን ግን ጦም በሚያድርበት ዓመት ለከብት የሚሆን መኖ እንዲበቅልበት ይፈቀዳል። በሚቀጥለው ዓመት ተራው ይለወጣል። ስለዚህ ማንም ገበሬ በስንዴው ማሳ ውስጥ ባለው ቁራሽ ላይ እንደ ፈቀደ ሌላ ነገር ልዝራ ቢል አይሆንለትም፤ የእርሱ ፈቃድ ከጎረቤቶቹ ፈቃድ ጋር የታሰረ ነው። በማሳዎቹ መካከል ደግሞ ለእርሻ የማይመቹ ዝቅተኛና ተዳፋት ቦታዎች አሉ። «ሳይክ» ይሏቸዋል። ማረሻ እንዳይነካቸው ተከልክለው ሣር ይበቅልባቸዋል፤ ሣሩም በየዓመቱ በጨረታ ይሸጣል።

እንግዲህ ቁራሽን ከቁራሽ የሚለይ አጥር የለም፤ የድንጋይ ካብም የለም። ያለው የማረሻ ፈር ብቻ ነው። አንድ ሰው በየዓመቱ አንድ ጋት ቢጨምር ማን ያውቅበታል? መንገዱን ጥቂት ቢቆርስ፥ የጋራውን ሣር ጥቂት ቢገለብጥ ማን ይከሰዋል? የላክስተን ሥርዓት ሁሉ የተሠራው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ይህ ጥያቄ የባልቴቲቱም ጥያቄ ነበረ።

ሌሎቹ መንደሮች ይህን ጥያቄ የመለሱት በአጥር ነው። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ የእንግሊዝ ፓርላማ መሬትን ለመከለል ከ5,200 የሚበልጡ ሕጎችን ተመልክቷል። በእነዚህም 6.8 ሚሊዮን ኤከር፥ ይኸውም የእንግሊዝን ምድር አንድ አምስተኛ የሚያህል መሬት ተከለለ። የተበታተነው ተሰብስቦ፥ የጋራው ተከፋፍሎ፥ ለእያንዳንዱ ባለ መሬት ድርሻው ባንድ ቦታ ተሰጠው። ይህ ለውጥ ጥቅም አልነበረውም አንልም፤ ገበሬው በመሬቱ ላይ እንደ ልቡ አዲስ ዘርና አዲስ ዘዴ ለመሞከር ቻለ። ነገር ግን በጋራው መስክ አንዲት ላም እያሰማራ ይኖር የነበረ ድኻ በዚያው ዘመን መሰማሪያ አጣ። ብዙዎችም ለሰው ቅጥረኛ ሆኑ፤ ሌሎችም ወደ ከተማ ተሰደዱ።

ላክስተን ከዚህ ያመለጠችበትን ምክንያት ስናጠና ፈገግ አልን። ከምክንያቶቹ አንዱ በ19ኛው መቶ ዓመት የመንደሪቱን መሬት የያዙት ሁለቱ ታላላቅ ባለ ርስቶች፥ የማንቨርስ ኧርልና የስካርብራ ኧርል፥ በአከላለሉ አለመስማማታቸው ነው። የጌቶች ጠብ አንዳንድ ጊዜ ለድኻ ሲሳይ ይሆናል። ነገር ግን ጠብ የማይቀጥለውን ነገር ልማድ ያቆየዋል፤ ላክስተንን እስከ ዛሬ ያቆየው የገበሬዎቹ ልማድ ነው።

ወሰኑ በሚታይበት ቀን ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሜዳውን ጉም ሸፍኖታል። 12ቱ ሰዎች፥ በእነርሱ ቋንቋ «ጁሪ» የሚባሉት፥ ወፍራም ካፖርታቸውንና እስከ ጕልበት የሚደርስ የጭቃ ጫማቸውን ለብሰው ተሰበሰቡ። ሁሉም የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ባለ ሥልጣን በመካከላቸው አልነበረም። በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ላይ የእንጨት ችካልና መዶሻ ጫኑ፤ ራሳቸውም ወጡበት። ከዚያ በዚያ ዓመት ስንዴ ወደ ተዘራበት ማሳ ወረድን። ስንዴው በቅሎ እንደ አረንጓዴ ጠጕር መሬቱን ለብሶት ነበር።

ሥራቸው ቀላል ነው። በየቁራሹ መጨረሻ ወሰኑ የት እንደ ሆነ ያያሉ፤ ከሩቅ ካለ ምልክት ጋር በዓይን አስተያይተው ያስተካክሉታል፤ ከተስማሙም በኋላ ችካል ይተክላሉ። ማረሻው ወደ መንገዱ ወይም ወደ ጋራው ሣር አልፎ እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ያለፈ ሰው ከተገኘ ስሙን ይዘው ለችሎቱ ያቀርባሉ። አይቸኩሉም። አንዱ ያየውን ሌላው ደግሞ ያየዋል፤ ይከራከራሉ፥ ይስቃሉ፥ ተመልሰው ይለካሉ። አንድ ቦታ ላይ የደረሱበት ቁራሽ ከ12ቱ የአንዱ የራሱ መሬት ነበረ። ያ ሰው ቃል ሳይናገር ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። 11ዱ አዩለት፤ ልክ ነው ብለው ችካሉን መቱት። ከዚያ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ዳኛ በራሱ ነገር እንዳይፈርድ የሚከለክለውን ሕግ በመጽሐፍ አንብበን ነበር፤ በጭቃ ላይ ሲፈጸም ያየነው ግን ያን ቀን ነው።

ከሽማግሎቹ አንዱን በዚህ ዘመን በሳተላይት የሚለካ መሣሪያ ሳለ ይህን ሁሉ ድካም ለምን ትደክማላችሁ ብለን ጠየቅናቸው። መሣሪያውን እንደማይጠሉ፥ ሥራውም እንደሚያምር ነገሩን። ነገር ግን መሣሪያው ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር ወደ አንድ ማሳ አያወርድም አሉን። ወጣቱ የትኛው ቁራሽ የማን እንደ ሆነ፥ ውሃ የሚተኛው የት እንደ ሆነ፥ ቀድሞ ማን ያርሰው እንደ ነበረ የሚሰማው በዚህ ቀን ነው። ስንዴው በየተራ ስለሚዘዋወር በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስቱም ማሳዎች ይታያሉ። ስለዚህ የማንም ሰው ስሕተት ከሦስት ዓመት በላይ ሊያረጅ አይችልም። እኛ ይህን ስንሰማ የእኛ ስሕተት ስንት ዓመት እንዳረጀ በልባችን ቈጠርን።

ከሳምንት በኋላ ችሎቱን ለማየት ተመለስን። ችሎቱ «ኮርት ሊት» ይባላል፤ የሚቀመጠውም በመንደሪቱ መጠጥ ቤት ነው። የመጠጥ ቤቱ ስም «ዳቭኮት» ሲሆን ትርጓሜው የርግብ ቤት ማለት ነው። በባለ ርስቱ የተሾመ ሰብሳቢ ከጠረጴዛው ራስ ይቀመጣል። መገኘት የሚገባቸው ሰዎች ስም በየተራ ይጠራል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ጥቂት መቀጮ ይከፍላል። ማሳውን ያዩት ሰዎች ያገኙትን ጥፋት ያስረዳሉ፤ መቀጮውም ይነገራል። ከዚያ ለሚመጣው ዓመት የሚያገለግሉ 12 ሰዎች ተመርጠው ይምላሉ። በጥንት ጊዜ የባዘነ ከብት ወደ ማጎሪያ አስገብቶ ባለቤቱን የሚያስቀጣ ሹምም ነበረ፤ የማጎሪያው ቅጥር ዛሬም በመንደሪቱ አለ።

የመቀጮው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ሰውን የሚያስፈራው ገንዘቡ አይደለም። ስሙ በጎረቤቶቹ ፊት መጠራቱ ነው። ጥፋተኛው ያን ዕለት ከቀጡት ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይበላል፤ በማግሥቱም በአንድ መንገድ ይገናኛል። ቅጣቱ ከመንደሩ አያስወጣውም፤ ወደ መንደሩ ይመልሰዋል እንጂ። አባቶቻችን ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላሉ። የላክስተን ሰዎች ችሎታቸውን ራሳቸው ስላላቀለሉት የአገሩ መንግሥትም አላቀለለባቸውም። በ1977 በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነት አሮጌ ችሎቶች ሥልጣን በሕግ ሲሻር፥ የላክስተን ችሎት ግን ሥልጣኑ እንዲጠበቅለት ተደርጓል።

እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን ይልቁን ሊያስተምረን የሚገባው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በ1952 የማንቨርስ ኧርል ርስቱን በሸጠ ጊዜ የገዛው የእንግሊዝ መንግሥት የእርሻ ሚኒስቴር ነበረ። አንድ ሚኒስቴር የአንድ መንደር ባለ ርስት ሆነ ማለት ነው። ሚኒስቴሩ ከፈለገ ሠራተኞቹን ልኮ ወሰኑን በራሱ ቀያሾች ሊያስለካ፥ ችሎቱን በጽሕፈት ቤት ሊተካ ይችል ነበር። ነገር ግን መንደሪቱን የገዛት ሥርዓቷ እንዳይጠፋ ብሎ ነውና፥ ገበሬዎቹ እንደ ጥንታቸው እንዲያዩና እንዲፈርዱ ተዋቸው። በ1981 ርስቱ የዘውድን መሬት ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተላለፈ። በ2020 ደግሞ የማንቨርስ ኧርሎች መቀመጫ ወደ ነበረው ወደ ቶርስቢ ርስት ተመለሰ። ባለ ርስቱ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ፤ 12ቱ ሰዎች ግን በየኅዳሩ ወደ ማሳው መውረዳቸውን አልተዉም።

ይህን ስንጽፍ ላክስተን ገነት ናት ማለታችን አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቁራሾቹ እየተጠቃለሉ ሰፍተዋል፤ በጥንቱ ካርታ እንዳሉት ጠባቦች አይደሉም። በሬ ቀርቶ በትልልቅ መኪና ይታረሳል። የገበሬውም ቍጥር ከቀድሞው አንሷል። ከማሳዎቹ ውጭ ያለው አብዛኛው የመንደሪቱ መሬት እንደ ሌላው አገር ሁሉ የተከለለ ነው። እንዲሁም ያን ሥርዓት እንዳለ ወደ አገራችን እናምጣው አንልም፤ የሰው ልብስ በሰው ልክ የተሰፋ ነው። እኛም የራሳችን ሽማግሎች፥ የራሳችን የወሰን ድንጋይ፥ የራሳችን ጥማድ አለን። የጎደለን ሽማግሎቹ እንውረድ ባሉ ጊዜ ብድግ የሚል ጸሐፊ ነበረ።

ወደ አገራችን በተመለስን በወሩ የዓመት ፈቃዳችንን ተቀብለን ወደዚያ ወረዳ ሄድን። ባልቴቲቱ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መሬቱን የሚያርሰው ልጃቸው ነው። ማን እንደ ሆንን በነገርነው ጊዜ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ ጥሬ ቆልተው ቡና እንዲያፈሉ ለቤተ ሰቡ ነገረ። ከሁለቱ ሽማግሎች አንደኛው ሞተዋል። የቀሩት ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ምርኵዛቸውን ይዘው ተነሡ። ያን የሁለት ሰዓት መንገድ ከእርሳቸው ጋር ቀስ ብለን ሦስት ሰዓት ሄድነው። የጎረቤትየው ልጅም እንዲመጣ ላክንበት፤ መጣ። ድንጋዩ በቦታው ነበረ። ሽማግሌው ጐንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ መንገዱ የሁለት ሰዓት ነበር፤ አንተ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀብህ» አሉን።

መልስ አልነበረንም። በዚያው ዕለት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደን፥ የቀድሞው ውሳኔ ቦታው ሳይታይ በእኛ እጅ የተጻፈ መሆኑን በጽሑፍ አመንን፤ ስማችንንም ፈረምንበት። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው። የጎረቤትየው ልጅ አባቱ ያረሰውን እንጂ ራሱ የገፋው መሬት እንደሌለ ይናገራል፤ እርሱም እውነቱን ነው። ስሕተት በጊዜው ካልታየ ለልጅ ይወረሳልና፥ ያን ቀን በማሳው ላይ ተበዳዩም በዳዩም የእኛን ስንፍና የወረሱ ሁለት ወጣቶች ሆነው ቆሙ። ሁለቱ ግን ከአንድ ድንጋይ ፊት ቆመው ተነጋገሩ፤ ሽማግሌው እንዳሉን ይህ ካባቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ አልሆነም ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ተረት በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ለመማር ግን እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድ አስፈለገን። ይህን ለሥራ ጓደኞቻችን፥ ለመምህራንና ነገ በጠረጴዛችን ለሚተኩት ተማሪዎች የምንጽፈው በእግራችን ስንፍና የደረሰውን እነርሱ እንዳይደግሙት ነው። መዝገብ መልካም ነው፤ እኛም እንጀራችንን የምንበላው በመዝገብ ነው። ነገር ግን መዝገብ የሚያውቀው ሰው ሄዶ ያየውን ብቻ ነው። ዛሬ ከየወረዳው የወሰን ጉዳይ ያለበት ደብዳቤ ሲደርሰን የገጹን ብዛትና የማኅተሙን ቍጥር ከመመልከታችን በፊት በራሱ ላይ በቀይ እርሳስ አንድ ጥያቄ እንጽፋለን፤ «ቦታው ድረስ ማን ወረደ?»